የተበከለ ናሙና

ረቡዕ ጠዋት አውቶቡስ ለመሳፈር እንደ ሁልጊዜው ቅጠሌን ላስኩ። ቅጠል የምንላት ጣት የምታህል አረንጓዴ ወረቀት ናት። ምላስህን ታስነካታለህ፣ በሩ አጠገብ ባለው ቀዳዳ ትከታታለህ፣ አንባቢው ጥቂት ያንጎራጉርና ቁጥርህን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይናገራል። የእኔን «ሠላሳ አንድ» አለና በሩ ተከፈተ። ከኋላዬ የነበረው ጎልማሳ «አርባ አራት፤ አያስተላልፍም» ተብሎ ገባ። ወንዶች ሁሉ እንዲህ ይባላሉ። መስመር የሚተላለፈው በእናት ብቻ ስለሆነ መታወቂያቸው ላይም «አያስተላልፍም» የሚል ማኅተም አለ። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበት ነበር። አሁን አይስቁም፣ አይቆጡምም።

እኔ ግን በየቀኑ እቆጣለሁ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሐኪሜ ንዴት ለደም ግፊት አይበጅም ይለኛል። የሐኪሜ የመስመር ቁጥር አራት ነው፤ በዚያ ቁጥር ማንም ሰው መረጋጋት አያቅተውም።

ስሜ ኩለኒ ገመዳ ነው። የሞለኪውል ባዮሎጂ ተመራማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት ሚቶኮንድሪያን ነው። ሚቶኮንድሪያ በሕዋሳችን ውስጥ ተቀምጦ ከበላነው ምግብ ጉልበት የሚያወጣልን ትንሽ አካል ነው። የራሱ አጭር የዘር ጽሑፍ አለው፤ ያንን ጽሑፍ የምንወርሰው ከእናታችን ብቻ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሠላሳ ዓመት ያህል ለተማሪዎች ነግሬያለሁ። አንድ ቀን ሕግ ሆና በአውቶቡስ በር ላይ ትጠብቀኛለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጥፋቱ የጀመረው በእኔ እጅ ነው፤ አልክድም። በ2040 በስምጥ ሸለቆው መንደሮች ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ዓይን የሚያጠፋ ሕመም ነበር። ልጆቹ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ይጨልምባቸዋል። ሕመሙ በየትኛው መስመር እንደሚወርድ ለማወቅ መንደር ለመንደር ዞርኩ፤ ስድስት ሺህ እናቶች ምራቃቸውን ሰጡኝ። «ለምንድን ነው?» ሲሉኝ «ለልጆቻችሁ ዓይን ነው» እላቸው ነበር። እውነቴን ነው። ካርታው ተሠራ፣ ለሕመሙም መላ ተገኘለት። እዚያ ላይ ቢያበቃ ዛሬ በኩራት እሞት ነበር።

ካርታ መነሻ ይፈልጋል። የአንዷን ጽሑፍ ከሌላዋ ለማነጻጸር አንዷን «ዜሮ» ትልና ሌሎቹ ከእሷ በስንት ፊደል እንደሚለዩ ትቆጥራለህ። ዜሮ ማንም ልትሆን ትችላለች። መንገድ ሲለካ የመጀመሪያው ድንጋይ አንድ ቦታ ላይ መተከል አለበት፤ ድንጋዩ ከሌላ ድንጋይ አይበልጥም። ይህንን በመጽሐፌ መግቢያ ላይ በደማቅ ቀለም ጽፌዋለሁ። መግቢያ የሚያነብ ሰው እንደሌለ ያወቅኩት በኋላ ነው።

በ2058 ከመታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለው ሳጥን ሲነሳ አደባባይ ወጥቼ እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። ሳጥኑ ግን ባዶውን ቀረ፤ ባዶ ሳጥን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ዕድሜ የለውም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመስመር ጽሕፈት ቤት የሚባል ተቋቋመና የእኔን ካርታ አንሥቶ እዚያ ውስጥ ከተተው። ሳይንስ ነው፣ አያዳላም ተባለ። ስድስት ሺህ እናቶች ለዓይን ብለው የሰጡትን ምራቅ፣ ሰውን ከሰው ለመለየት ተጠቀሙበት። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «ይፈቀድልናል ወይ?» አላለኝም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ጮህኩ፣ በሦስት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። በአራተኛው ላይ የክብር ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰማኝ የለም።

እድሮች በመስመር ተከፋፈሉ። ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች ገና ሳይቀመጡ ቁጥር ይጠየቃሉ። ሰባት አባት መቁጠር ቀርቶ ሰባት እናት መቁጠር መጣ። ከሦስተኛዋ ወዲያ የእናቶቹን ስም የሚያውቅ ስላልተገኘ ጽሕፈት ቤቱ «እናት አራት»፣ «እናት አምስት» እያለ አደለን፤ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችም ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይዘምሩታል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ከፊት ይቀመጣል። በየቢሮው ግድግዳ ላይ ዜሮ ዘውድ ደፍታ፣ አንገቷን አቅንታ ተስላለች። ዜሮ ማን እንደሆነች የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

አውቶቡሱ የሚወስደኝ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ወዳለው የማገገሚያ ማዕከል ነው። እናቴ እዚያ ናት። ሸጊቱ ትባላለች፤ እኔ የምጠራት «አዮ» ብዬ ነው፣ በእኛ ቤት እናት እንዲህ ነው የምትባለው። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ላለፉት ዓመታት ከግቢዋ ስለማትወጣ አንድም ቀን ተነብባ አታውቅም ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ዳሌዋ ተሰብሮ በአምቡላንስ ገባች፤ አሁን በዊልቸርም ቢሆን ቤቷ ልትገባ ደርሳለች። ማክሰኞ ከሰዓት ግን መልእክት ደረሰኝ፦ የታካሚዋ ንባብ ሦስት ጊዜ ስላልተሳካ «መስመር አልባ» ተብላለች፤ ተረካቢ ስለሌላት ሐሙስ ጠዋት ወደ ቆላው ማረፊያ ትጓጓዛለች።

ቆላው ማረፊያ መስመር የሌላቸው አረጋውያን የሚቀመጡበት ነው። መንገዱ ለአውቶቡስ ስላልተፈቀደ ጠያቂ አይሄድም። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም፤ የተመለሰ ሰው አየሁ የሚልም አላየሁም። እንግዲህ አንድ ቀን ነበረኝ።

የርክክብ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሶሊያና የምትባል የሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ቅጠሌን አስገብታ ስሜ ሲወጣ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ፕሮፌሰር! እርስዎ ነዎት? እኛ እኮ የእርስዎን መጽሐፍ ነው የተማርነው።»

«መግቢያውን አንብበሻል?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም ነበር» አለች፣ አፍራ።

ክፉ ልጅ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የእናቴን መዝገብ ስክሪኑ ላይ ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። ሦስት መስመር ነበር፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት፦ ናሙና ተበክሏል። ናሙና ተበክሏል። ናሙና ተበክሏል።

አየሁት። ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል።

በእያንዳንዱ አንባቢ ሆድ ውስጥ፣ ልኩን እንዳይስት፣ የዜሮ ቅጂ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ አለ። አንድ ናሙና ከዜሮ ጋር ቁርጥ አንድ ሆኖ ከተገኘ አንባቢው ያንን ሰው አያምነውም፤ የመለኪያው ጠብታ ፈስሶ ተቀላቅሏል ብሎ ያስባል። ይህ የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥንቃቄ ነው። «ናሙናህ ከመለኪያው ጋር አንድ ከሆነ መጀመሪያ የገዛ እጅህን ጠርጥር» እያልኩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ተማሪዎቼ ጎበዞች ነበሩ፤ ቃል በቃል ማሽኑ ውስጥ ጻፉት።

ዜሮ እናቴ ናት።

በ2040 ማሽኑ ከሳጥኑ በወጣ ቀን አዮ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሰታቴ ይዛልኝ ላቦራቶሪ መጥታ ነበር። ለመሞከሪያ ቅርብ የተገኘው የእሷና የእኔ ምራቅ ነው። እናትና ልጅ አንድ ፊደል እንኳ እንደማንለያይ እርግጠኛ ስለነበርኩ ማሽኑን በእኛ ልፈትነው አሰብኩ። ሠላሳ አንድ ፊደል ተለያየን። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ማሽኑ ደህና ነበር።

በእኛ አገር ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይመረቃል፣ ይማላል። ከዚያ ወዲያ «የሰው ልጅ ናት» ብሎ መናገር ትልቅ ነውር ነው፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፣ ግን ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። የነገረኝ ማሽን ነው፤ ማሽን ነውር አያውቅም። አዮ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ምን አለሽ ዕቃሽ?» ስትለኝ «ናሙናው ተበክሏል» አልኳት። በብልቃጤ ላይም እንደዚያው ጽፌ ጣልኩት። በሥራዬ ዘመን የጻፍኳት ውሸት እሷ ብቻ ናት። የአዮ ናሙና ንጹሕ ስለነበር ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀረ፤ ካርታው መነሻ ሲፈልግም እሱን ወሰድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሷም ጭምር። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ስለዚህ በየአውቶቡሱ፣ በየዳቦ ቤቱ በር ላይ «ሠላሳ አንድ» ተብሎ የሚጮህብኝ፣ እኔ ከእናቴ የምለይበት ልክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስሰማው ኖሬያለሁ።

«ሶሊያና» አልኳት፣ «ይህ ብክለት አይደለም። ዜሮ እሷ ናት።»

ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለችውን ባለዘውድ ሴት አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። አልሳቀችም። ባትስቅም ግን ድምፅዋ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለስለስ አለ።

«ዜሮ እኮ ሰው አይደለችም፣ ፕሮፌሰር። መነሻ ናት።»

«ሰው ያልሆነ መነሻ ከየት ይመጣል? ምራቋን የሰጠችኝ ጩኮ ይዛ መጥታ ነው!»

«እሺ፣ ናት እንበል» አለች። «እሷ ዜሮ ከሆነች እርስዎ ሠላሳ አንድ ነዎት። ያኔማ ልጅ አለመሆንዎ በደንብ ይረጋገጣል።»

እውነቷን ነበር። ጭንቅላቴ ጋለ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ አላፍርበትም።

«አድምጪኝ» አልኳት። «ተማሪ ሆኜ ከሻላ ሐይቅ ዳር ካለ ፍል ውሃ አሜባዎች አመጣሁ። አሜባ ታውቂያለሽ፣ ሙሉ ሰውነቱ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጥረት። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ሆዳቸው በባክቴሪያ ተሞልቷል። ተበክለዋል ብዬ ልደፋቸው ስል እናቴ አጠገቤ ነበረች። ‹ካልሞቱ ለምን ትደፊያቸዋለሽ?› አለችኝ። ተውኳቸው። ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሆናቸው። አሜባው ባክቴሪያውን ዋጠው እንጂ አልፈጨውም። መጀመሪያ ታመመበት፣ ከዚያ ለመደው፣ ከዚያ አብረው መብላት ጀመሩ። ዛሬ አንዱን ከሌላው ብለያቸው ሁለቱም በሳምንት ይሞታሉ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ሚቶኮንድሪያም የመጣው እንዲሁ ነው። ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሕዋስ አንድ ባክቴሪያ ዋጠ፣ ሳይፈጨው ቀረ። እንግዳው እዚያው ቀረ፣ ቤተሰብ ሆነ። አንቺ ውስጥ አለ፣ እኔ ውስጥ አለ፣ ዛፉም ውስጥ አለ። እናንተ የእናትና የልጅ ማረጋገጫ ያደረጋችሁት ነገር ራሱ የጉዲፈቻ ልጅ ነው! የሰው ልጅ ሰውነት በሙሉ በጉዲፈቻ የቆመ ነው! በእሱ እየለካችሁ ነው እናቴን የምትነጥቁኝ?»

 አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እግዚኦ» ሲሉ ሰማሁ። ሶሊያና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እጇ ግን ቁልፎቹ ላይ ነው።

«በጣም ይገባኛል፣ ፕሮፌሰር። ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን ለምን እንወቅሳለን፤ የጻፈው ሰው ነው። ደግሞም ከጻፉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

«ሌላ መንገድ የለም?»

ሶሊያና ዙሪያዋን አይታ ድምፅዋን ቀነሰች። «አንድ አለ። በልጅነት ሳይሆን በተንከባካቢነት ቢረከቧት ይፈቀዳል። ግን ዝምድና እንደሌላችሁ ሁለታችሁም በቃላችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ፣ ይቀረጻል። ያኔ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። መስመር አልባን መስመር አልባ ሰው ቢወስደው ደንቡ ዝም ይላል፤ የሚመዘገብበት ሳጥን ስለሌለ። ግን መስመር አልባ ሰው እዚህ ድረስ በምን ይመጣል? አውቶቡስ አይጭነው፣ የግቢው በር አይከፍትለት።»

ቅጹን ፈረምኩ። እዚህ ላይ ጀግና መስሎ ለመታየት አልዋሽም፤ «ዝምድና የለንም» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ቃል ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቤቷ ትግባልኝ እንጂ የቀረው የቀረ ይቅር አልኩ።

አዮ በረንዳው ላይ በዊልቸር ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ዕቃዋን በፌስታል ቋጥራ ጭኗ ላይ አድርጋለች። መውጣቷን እንጂ ወዴት እንደምትወጣ አልነገሯትም። ሶሊያና መቅረጫውንና ተንቀሳቃሹን አንባቢ ይዛ ተከትላኝ መጣችና አዮ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማማ ሸጊቱ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት ነው። እርስዎ አዎ ብቻ ይበሉኝ። እኚህ ሴት ልጅዎ አይደሉም፣ ተንከባካቢዎ ናቸው፤ ይስማማሉ?»

«ማን ናት አልሽ?»

«ተንከባካቢዎ።»

«እሱን አይደለም። ፊት ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«ልጅዎ… አይደሉም።»

አዮ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኗ ደክሟል፣ ግን ሲያይ ያያል።

«አንቺ ልጅ፣ እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያ ሂጂና ‹ልጅሽ አይደለሁም› በያት። ደፍረሽ ብለሻት ስትመለሺ እኔም እላለሁ።»

ሶሊያና መቅረጫውን ዝቅ አደረገችው። እኔ ከአዮ ጉልበት ሥር ተንበረከኩ። «አዮ፣ በፈጠረሽ፣ አዎ በይና እንሂድ። ነገ ማንም ወደማይደርስበት ቦታ ሊወስዱሽ ነው። ቃል ብቻ ነው።»

«ቃል ብቻ?» ጮኸችብኝ። ከጮኸችብኝ ሃምሳ ዓመት ሳያልፍ አይቀርም። «ቃል ብቻ ነው? ታዲያ እኔና አንቺን ያገናኘን ከቃል ሌላ ምን አለና?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስድሳ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር በረንዳው ላይ በመንግሥት ሠራተኛ ፊት ወጣ። እኔን ፈርታ አየችኝ፤ እንደ ልጅ ፈርታ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። አለመደንገጤን አየች። ያኔ እንደማውቅ አወቀች፣ ስንት ዘመን እንዳወቅኩም የገባት መሰለኝ፤ ምክንያቱም ትከሻዋ ከባድ ነገር እንዳወረደ ሰው ዝቅ አለ።

«በቃ» አለች ቀስ ብላ። «የሚወስዱኝ ከሆነ ይውሰዱኝ። ልጄን ክጄ ከምገባበት ቤት በረሃ ይሻለኛል። ነይ ልመርቅሽ።»

በእኛ ዘንድ ምርቃት ደረቅ አይደለም። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «እድሜሽ ይርዘም፣ እንትፍ፤ ዘርሽ ይለምልም፣ እንትፍ፤ ባለሽበት ሰላም ይሁን፣ እንትፍ» አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ፈተና ስሄድ እንዲህ ነበር የምትልከኝ። ምራቋ ግንባሬ ላይ፣ ጉንጬ ላይ፣ ከንፈሬ ላይ ነበር። እያለቀስኩ ልጠርገው እጄን አነሣሁ፤ እዚያው አየር ላይ ቆመ።

«ሶሊያና» አልኩ፣ «አንድ ዜጋ በዓመት አንዴ ዳግም እንዲነበብ የመጠየቅ መብት አለው አይደል?»

«አዎ፣ አለው። እስከ ሦስት ሙከራ።»

«አሁን አንብቢኝ።»

ቅጠል አውጥታ ሰጠችኝ። ከንፈሬን አልጠረግኩትም። ወረቀቷን በከንፈሬ ላይ አሳለፍኩና ምላሴን አስነክቼ መለስኩላት። አንባቢው አንጎራጎረ። ሁለት ሴት አንድ ወረቀት ላይ ሲያገኝ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

«ናሙና ተበክሏል» አለ።

ሶሊያና አየችኝ። ከዚያ አዮን አየች፣ ፊቴ ላይ የሚያበራውን እርጥብ አየች። ገባት። የእኔን መጽሐፍ የተማረች ልጅ ናት፣ እንዴት አይገባት!

«ፕሮፌሰር» አለች በሹክሹክታ፣ «ሦስተኛው ከተበከለ መመለሻ የለውም። አውቶቡስ የለም፣ ሐኪም ቤት የለም። ላቦራቶሪውም አያስገባዎትም። አሜባዎቹስ?»

ይህ ብቻ ነው ያስቆመኝ። አርባ አንድ ዓመት፣ በየሦስት ቀኑ በገዛ እጄ ያበላኋቸው። አንድ ብልቃጥ ቤቴ መስኮት ላይ አለ፤ የቀሩት ሃያ ዘጠኙ እዚያ ናቸው፤ ማንም እንደ እኔ አይመግባቸውም። ተበክለዋል ብሎ የሚደፋቸው ሰው አይጠፋም። አሰብኩ፣ ረጅም ጊዜ አላሰብኩም።

«አዮ» አልኳት፣ «ድገሚልኝ፤ አልበቃኝም።»

ያኔ የገባት አይመስለኝም። ግን ልጅ ምርቃት ሲለምናት እምቢ የምትል ሴት አይደለችም። ደገመችልኝ። ሶሊያና ጀርባዋን ሰጥታን በረንዳው ፊት ያለውን ግራር ስትመለከት ቆየች፤ ግራሩ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ተበክሏል አለ። ሦስተኛዋን ቅጠል ሳልጠይቃት፣ ሳትዞር፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ሰጠችኝ።

«ናሙና ተበክሏል። መስመር አልባ።»

መታወቂያዬን አንባቢው ዋጠውና አልመለሰውም። ሶሊያና የአዮን መዝገብ ከፍታ «ተረካቢ» ከሚለው ፊት ምንም ሳትጽፍ ዘጋችው። የሚጻፍ ነገር የለምና።

«ዊልቸሩስ?» አልኳት።

«ለመስመር አልባ የሚመዘገብ ዕቃ የለም፣ ፕሮፌሰር» አለች። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ስለዚህ አልወሰዱትም።»

የግቢው በር ለመግባት እንጂ ለመውጣት ቅጠል አይጠይቅም። ሲሠሩት መስመር አልባ ሰው በዚያ በር ወደ ውጭ በነፃ ይሄዳል ብለው አላሰቡም፤ እነሱ ያላሰቡት ብዙ ነገር አለ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ከማዕከሉ እስከ ቤታችን ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። የመጣሁበት አውቶቡስ አጠገባችን ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቅጠል በእጃችን እንደሌለ ሲያይ ጥሎን አለፈ። በመስኮቱ ሰዎች አዩን። ከሚያዩን አንዱም እንኳ ይቺ ባለፌስታል አሮጊት በየቢሯቸው ዘውድ ደፍታ የተሰቀለችው መሆኗን አላወቀም። ከስማቸው ፊት ቁጥር የተለጠፈባቸው ሰዎች ሁሉ ከእሷ ተነሥተው የተቆጠሩ ናቸው፤ እሷን ግን የሚጭናት አጣች። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ነው ካርታ የሠራሁት። ንዴቱ ዊልቸሩን ለመግፋት ጉልበት ሆነኝ፤ ሐኪሜ ይህንን አያውቅም።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ለማረፍ ጥላ ሥር ቆምን። አዮ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ያ ዕቃ በመጨረሻ ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ተበክላለች አለኝ።»

«በምን?»

«ባንቺ።»

ዊልቸሩ ላይ እንደምንም ዞር ብላ አየችኝ። ምራቋ ፊቴ ላይ ደርቆ ነበር።

«እሰይ!» አለች። «ታዲያ በማን ልትበከይ ኖሯል?»